ጠርዙን ያስቀድሙ፦ በአሜሪካ ከባንክ የሳንቲም ጥቅል ውስጥ ብር የመፈለጊያ ዝርዝር መመሪያ

በቋንቋችን ገንዘቡም ማዕድኑም ስማቸው "ብር" ነው። ማርትሬዛ በገበያችን ይዘዋወር በነበረበት ዘመን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልነበረም፤ ጠገራው ገንዘብ የሆነው ብር ስለሆነ ነው። ነጋዴውም ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር፤ የንግሥቲቱን የዘውድና የትከሻ ጌጥ ፈርጦች አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ያልተፋቀ መሆኑን አይቶ ነው ወደ ከረጢቱ የሚከተው። አሜሪካም እስከ 1964 ድረስ ከዚህ ብዙ የራቀች አልነበረችም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዳይም (የ10 ሳንቲሙ)፣ ኳርተር (የ25 ሳንቲሙ) እና ግማሽ ዶላር ከመቶ 90 እጃቸው ብር፣ የቀረው መዳብ ነበር። የብር ዋጋ እየናረ፣ ሳንቲምም ከገበያ እየጠፋ ሲሄድ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጁላይ 23 ቀን 1965 በፈረሙት ሕግ ብሩ ከዳይምና ከኳርተር ጨርሶ ወጣ። የግማሽ ዶላሩ ወደ 40 እጅ ወረደ፤ ከ1971 ጀምሮ ለገበያ የሚቀረጸው ግማሽ ዶላርም ያለ ብር ቀረ።

ሕጉ ግን የቀድሞዎቹን ሳንቲሞች አልሻረም። የ1964 ኳርተር ዛሬም 25 ሳንቲም ነው፤ ባንኩም በጥቅል ሲሰጥዎት በ25 ሳንቲም ሒሳብ ይሰጥዎታል፤ በውስጡ ያለው ብር ግን ከዚያ በላይ ያወጣል። አብዛኛውን ሕዝቡ ወዲያው ለቅሞ አስቀምጦታል። ታዲያ ዛሬ ከየት ይመጣል? አያት ያረፉበት ቤት ሲጸዳ የልጅ ልጆች አንድ ማሰሮ ሙሉ ሳንቲም ሳያዩ ወደ ባንክ ይወስዳሉ። ልጅ የአባቱን ስብስብ ከረሜላ ይገዛበታል። ባንኩ ጋ የደረሰው ሳንቲም ተቆጥሮ፣ ተጠቅልሎ ተመልሶ ይወጣል። እኛም የምንጠብቀው እዚያ ነው።

እኔ የጀመርኩት ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ነው። ማታ ሒሳብ ስዘጋ ኳርተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ፤ ከሁሉም መካከል አንዱ ቅጭል አለ። አነሣሁት፤ 1957 ይላል። ጠርዙ ዙሪያውን ነጭ ነው። ከኪሴ 25 ሳንቲም ተክቼ ወሰድኩት፤ እስከ ዛሬም አልሸጥኩትም።

አስቀድሜ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ ይህን ሥራ በሰዓት ክፍያ ለሚያሰላ ሰው አልመክረውም። አንድ ሣጥን ሙሉ ፈትሾ ባዶ እጅ መቅረት የተለመደ ነው። ነገር ግን ያወጡት ገንዘብ አይጠፋም። የማይፈልጉትን ሳንቲም በተጻፈበት ዋጋ መልሰው ያስገቡታል፤ የሚያወጡት ጊዜዎንና የመኪናዎን ነዳጅ ብቻ ነው።

የሚፈልጉትን ይወቁ

ዳይም፣ ኳርተርና ግማሽ ዶላር 1964 ወይም ከዚያ በፊት የሚል ከሆነ 90 እጅ ብር ነው፤ ሌላ ጥያቄ የለውም። ከ1965 እስከ 1970 ያለው ግማሽ ዶላር 40 እጅ ነው። ብዙ ሰው 1964ን ብቻ በቃሉ ይዞ እነዚህን ይጥላል፤ ያሳዝነኛል። ኒክል (የ5 ሳንቲሙ) ብር የኖረበት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብቻ ነው። ከ1942 አጋማሽ እስከ 1945 የኒኬል ማዕድን ለጦር ሥራ ስለተፈለገ በምትኩ 35 እጅ ብር፣ 56 እጅ መዳብና 9 እጅ ማንጋኒዝ ተቀላቀለበት። እንዲለይም ከኋላው፣ እዚያ ከተቀረጸው ቤት ጉልላት በላይ፣ ትልቅ የፒ፣ የዲ ወይም የኤስ ፊደል ተደረገበት።

ፊደሎቹ የተቀረጸበትን ከተማ ይነግራሉ፤ ፒ ፊላዴልፊያ፣ ዲ ዴንቨር፣ ኤስ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ደብልዩ ዌስት ፖይንት ነው። ፊላዴልፊያ ከዚያ ጦርነት በፊት በሳንቲሞቿ ላይ ምልክት አታደርግም ነበር፤ ስለዚህ በ1942ቱ ኒክል ጀርባ ትልቁን ፒ ካዩ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግዎትም። ምልክቱ ትንሽ ሆኖ ከቤቱ ጎን ያለበት ወይም ጨርሶ የሌለበት የ1942 ኒክል ግን ተራ ነው።

የሥራ ዕቃው ብዙ አይደለም፦ ጥሩ መብራት፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ እስከ ግራም መቶኛ የሚመዝን ትንሽ ሚዛን፣ ማግኔትና ሳንቲሙ እንዳይንከባለል ከታች የሚነጠፍ ጨርቅ። የመጠቅለያ ወረቀት ብዙ ባንኮች በነጻ ይሰጣሉ።

ባንኩን ይምረጡ

ሁለት ባንክ ያስፈልግዎታል፤ አንዱ የሚወስዱበት፣ ሌላው የሚመልሱበት። ከወሰዱበት ቦታ ከመለሱ የራስዎን የተፈተሸ ሳንቲም መልሰው ይፈትሻሉ። ከዚያም በላይ ገንዘብ ከፋዮቹ ላይ ሥራ ያበዛሉ፤ ፊታቸው ከጠቆረብዎት ደግሞ የሳንቲሙ በር ተዘጋ ማለት ነው። ሁለቱም ጋ ሒሳብ ቢኖርዎት ይመረጣል። ብዙ ቅርንጫፎች ደንበኛ ላልሆነ ሰው ጥቅል አይሰጡም። ለሚመልሱበት ደግሞ ያለ ክፍያ የሚቆጥር ማሽን ያለውን ይፈልጉ፤ በሱፐርማርኬት ያሉት ማሽኖች ከመቶ ቆርጠው ስለሚያስቀሩ ትርፍዎን ይበሉታል።

መጠኖቹን በቃልዎ ይያዙ። የዳይም ጥቅል 50 ሳንቲም ይዞ 5 ዶላር፣ የኳርተር 40 ይዞ 10 ዶላር፣ የግማሽ ዶላር 20 ይዞ 10 ዶላር፣ የኒክል 40 ይዞ 2 ዶላር፣ የፔኒ (የ1 ሳንቲሙ) 50 ይዞ 50 ሳንቲም ነው። ሣጥን 50 ጥቅል ይይዛል፤ ስለዚህ የኳርተርና የግማሽ ዶላር ሣጥን 500፣ የዳይም 250፣ የኒክል 100፣ የፔኒ 25 ዶላር ይሆናል። የ500 ዶላር ሣጥን 11 ኪሎ ከ340 ግራም ገደማ ይመዝናል። ወገብዎን ይጠብቁ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሣጥን አይዘዙ። ወደ መስኮቱ ቀርበው "ደንበኞች ራሳቸው ጠቅልለው ያመጡት ሳንቲም አለ? ግማሽ ዶላርስ በመሳቢያችሁ ይገኛል?" ብለው ይጠይቁ። በማሽን የተጠቀለለው ከገንዘብ አጓጓዥ ድርጅቶች የሚመጣ ሲሆን ከብዙ ቦታ የተቀላቀለ ነው። በእጅ የተጠቀለለው ግን ከአንድ ሰው ቤት የወጣ ነው፤ ያረጀ፣ የደበዘዘ፣ አንዳንዴም የባንክ ስም የታተመበት የድሮ ወረቀት ከሆነ ልቤ ይመታል። እኔ የምሄድበት ቅርንጫፍ አንዲት የአገራችን ልጅ ትሠራለች። አንድ ሰኞ ጠዋት ገና ሳልጠይቃት "ጋሼ፣ ይህንን አንዲት አሮጊት ቅዳሜ ጥለውት ሄዱ፤ ለእርስዎ ብዬ አቆየሁት" ብላ ስድስት የዳይም ጥቅል አወጣችልኝ። አራቱ ባዶ ነበሩ፤ ከሁለቱ አሥራ አንድ የብር ዳይም ወጣ። ሰላምታና ትሕትና በዚህ ሥራ ከሚዛኑም ከመነጽሩም ይበልጣሉ። ሰልፍ በበዛበት ሰዓት፣ በተለይም ደመወዝ በሚከፈልበት ዓርብ፣ አይሂዱ። ለምን እንደሚፈልጉት ሲጠየቁ እውነቱን ይናገሩ፤ ሳንቲም መፈተሽ ሕጋዊ ነገር ነው፣ የሚደበቅ የለበትም።

ከየትኛው ልጀምር ለሚሉኝ መልሴ ግማሽ ዶላር ነው። ሰው በእጁ ስለማይገበያይበት ለዓመታት በየመሳቢያው ተኝቶ ይቀራል፤ በዚያ ላይ ብር የሚሆንባቸው ዓመታት እስከ 1970 ይዘልቃሉ። ችግሩ በየቅርንጫፉ አለመገኘቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ማዘዝ ይጠይቃል። ዳይም ሁለተኛዬ ነው። ኳርተር በየቀኑ ስለሚዘዋወርና ብዙ ዓይን ስለሚያየው ብሩ ይመነምናል።

ጥቅሉን መክፈትና ጠርዙን ማንበብ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው፤ ረጋ ብለው ያንብቡት።

ከ1965 በኋላ ያለው ሳንቲም እንደ ሳንድዊች ነው፤ መካከሉ ንጹህ መዳብ፣ ላይና ታቹ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል። ከጎን ሲያዩት መካከሉ ላይ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ መስመር ይታያል። የ90 እጁ ሳንቲም ግን እስከ ውስጡ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጠርዙ ዙሪያውን ነጭ ነው። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን አንድ በአንድ ከማንበብ ይልቅ ጥቅሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ በጠርዙ ማንበብ ይቻላል።

እንዲህ ያድርጉ። የጥቅሉን አንድ ጫፍ ጠርዝ ላይ መታ አድርገው ወረቀቱን በአውራ ጣት ይክፈቱ፤ ሳንቲሞቹን ሳይበትኑ እንደተደረደሩ ወደ መዳፍዎ ያውጡ። በሁለት እጅዎ ጫፍና ጫፉን ይዘው አግድም ያድርጉና ከመብራቱ በታች በቀስታ ያዘንብሏቸው። ሁሉም ተራ ከሆኑ ቡናማ መስመሮች ተራ በተራ ተሰልፈው ያያሉ። በመካከል አንድ ብር ካለ ሰልፉ ይቋረጣል፤ እንደ ነጭ ጥርስ ብልጭ ይላል። ከዚያም በጣቶችዎ መካከል አንድ ጊዜ አሽከርክረው ሌላውን ጎን ይመልከቱ።

ለማሽከርከሩ ምክንያት አለኝ። ሳንቲም ከብረት ቅጠሉ ላይ ሲቆረጥ የላይኛው ነጭ ንብርብር አንዳንዴ ወደ ጠርዙ ተስቦ መዳቡን ይሸፍነዋል፤ በአንድ በኩል ነጭ፣ በሌላ በኩል ቡናማ ይሆናል። አዲስ ፈታሽ በዚህ ብዙ ጊዜ ይደሰትና ዓመቱን ሲያይ 1998 ይሆንበታል። በተቃራኒውም ብር ሲቆይ ይጠቁራል፤ ጠርዙ አመድማ ወይም ጥቁር ሆኖ ከመዳብ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ነጭ የሆነውንም ከወትሮው የጨለመውንም ሁለቱንም ያውጡና ዓመቱን ያንብቡ። ጠርዙ ይጠቁማል፤ የሚፈርደው ዓመቱ ነው።

የ40 እጁ ግማሽ ዶላር ዓይን ያታልላል። መካከሉም ጥቂት ብር ስላለበት ጠርዙ ላይ ያለው መስመር ቡናማ ሳይሆን ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው፤ በደካማ መብራት አይለይም። ለዚህ ነው ግማሽ ዶላርን ጠርዙን ካየሁ በኋላ ሃያውንም ገልብጬ ዓመታቸውን የማነብበው። ሃያ ሳንቲም ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጥርጣሬ ሲገባዎት ሚዛኑን ያምጡ። የብር ዳይም 2.50 ግራም፣ ተራው 2.27፤ የብር ኳርተር 6.25፣ ተራው 5.67፤ የ90 እጅ ግማሽ ዶላር 12.50፣ የ40 እጁ 11.50፣ ተራው 11.34 ግራም ነው። አንዳንድ ሰዎች ጥቅሉን ሳይከፍቱ በሙሉ በመመዘን ጊዜ ለማትረፍ ይሞክራሉ። እኔ አላምንበትም። አንድ የብር ኳርተር በጥቅሉ ላይ የሚጨምረው 0.58 ግራም ብቻ ነው፤ የወረቀቱ ውፍረትና የሳንቲሞቹ ማለቅ ይህን በቀላሉ ይውጠዋል።

ድምፅም ረዳት ነው። ብር ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ተራው ደንቆር ብሎ ያልቃል። ጆሮ ይህን የሚማረው በልምድ ስለሆነ አንድ የታወቀ የብር ዳይምና አንድ ተራ ዳይም ይዘው ተራ በተራ እየጣሉ ያለማምዱት።

ኒክልና ፔኒ

ኒክል ላይ ጠርዝ አይሠራም፤ ሁሉም በአንድ ቀለም ነው። ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርገው ይዘርግፏቸውና ከጉልላቱ በላይ ያለውን ትልቅ ፊደል ይፈልጉ። የጦርነቱ ዘመን ኒክል ማንጋኒዙ ስላለበት ሲያረጅ የቆሸሸ ዘይት የነካው ይመስላል። ያ ዳመናማ መልክ ከፊደሉ በፊት ዓይን ይስባል። ከዚህ በተጨማሪ ከ1913 እስከ 1938 የተቀረጸው ጎሽ ያለበት ኒክል አንዳንዴ ዓመቱ ጠፍቶም ቢሆን ይወጣል።

ፔኒ ላይ ብር የለም፤ ከ1909 እስከ 1958 ድረስ ጀርባው ላይ ሁለት የስንዴ ዛላ ያለበትን ግን ሁልጊዜ ያስቀምጡ። የ1943ቱ ከብረት የተሠራ ስለሆነ ማግኔት ይስበዋል። ከ1982 በፊት ያለው በአብዛኛው መዳብ ሲሆን 3.11 ግራም ይመዝናል፣ የዚንኩ ደግሞ 2.5፤ በራሱ በ1982 ሁለቱም ዓይነት ተቀርጿል። መዳቡን ለማቅለጥ ያሰበ ካለ ይተወው፤ ፔኒና ኒክል ማቅለጥ ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የተከለከለ ነው።

ከብሩ ሌላ

ብር ብቻ የሚያይ ዓይን ብዙ ያሳልፋል። በ2019 እና በ2020 የዌስት ፖይንቱ ፋብሪካ በየዓመቱ አምስት ዓይነት፣ በድምሩ አሥር ዓይነት ኳርተር፣ እያንዳንዱን 2 ሚሊዮን አድርጎ ቀርጾ ሆን ብሎ ከተራው ጋር ወደ ገበያ ለቀቀው። ብር የለባቸውም፤ ግን በፊቱ ላይ ካለው የጆርጅ ዋሽንግተን ምስል የጸጉር ጉንጉን ኋላ ያለው ፊደል ደብልዩ ከሆነ ሰብሳቢ ከ25 ሳንቲም በብዙ እጥፍ ይገዛዋል። የ2004 የዴንቨር ኳርተር ጀርባው ላይ የዊስኮንሲን ግዛት ስም ካለበት የበቆሎውን ግራ ጎን በመነጽር ይመልከቱ፤ ጥቂቶቹ ላይ ትርፍ ቅጠል አለ። የ1982 ዳይም ከተማውን የሚያሳይ ፊደል ከሌለው ስሕተት ነው፤ ይያዙት። የ1995 ፔኒ ላይ "ነጻነት" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተደርቦ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ከመሰለዎት እሱንም ለይተው ያስቀምጡ።

የኤስ ፊደል ያለበት፣ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ አዲስ ዳይም፣ ኳርተር ወይም ግማሽ ዶላር ካገኙ ቆም ይበሉ። ለሰብሳቢዎች የተዘጋጀ ነው። ከ1992 ወዲህ ከእነዚህ መካከል በብር የተቀረጹ ስላሉ ጠርዛቸውን ይመልከቱ። ግማሽ ዶላር ላይ ደግሞ የ1987ቱን፣ እንዲሁም ከ2002 እስከ 2020 ያሉትን ያስተውሉ፤ ለሰብሳቢ ተሽጠው እንጂ ለተራ ገበያ አልወጡም ነበር።

የካናዳ ሳንቲምም ይቀላቀላል። ከ1920 እስከ 1966 ያለው የካናዳ ዳይምና ኳርተር 80 እጅ ብር ነው፤ በ1967 እና በ1968 የብር መጠኑ ወርዶ በኒኬል ተተካ። እዚህ ላይ ማግኔቱ ዋጋውን ያወጣል፤ ኒኬሉን ይስባል፣ ብሩን አይነካም።

መመለስ

የፈተሹትን ጥቅል ጫፉ ላይ በእስክሪብቶ ትንሽ ነጥብ ያድርጉበት፤ ከወር በኋላ ነጥብዎ ያለበት ጥቅል ተመልሶ ከመጣ ያ ባንክ ከሚመልሱበት ጋር በአንድ መስመር ይገናኛል ማለት ነው፣ ይቀይሩ። ያወጡትን ብር ልክ በሌላ ሳንቲም ይተኩ። ጎዶሎ ጥቅል ለባንክ መስጠት ስምን ያጠፋል፣ በደልም ነው። ማስታወሻ ደብተር ይያዙ፦ ቀን፣ ቅርንጫፍ፣ ስንት ጥቅል፣ ምን ወጣ። ከጥቂት ወር በኋላ የቱ ቅርንጫፍ ጉዞውን እንደሚያዋጣ ደብተሩ ራሱ ይነግርዎታል።

የሳንቲም መቁጠሪያው ማሽን የመለሰውን የሚጥልበትን ትንሽ ሳህንም አይለፉት። ብር ከተራው ሳንቲም ስለሚለይ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ይተፋዋል፤ ሰውም ሳያየው ይሄዳል።

አይጠቡት

ከአንድ ጥቅል እንደ አዲስ የሆነ የ1941 ግማሽ ዶላር ወጣልኝ፤ ነጻነት በሴት አምሳል ወደ ፀሐይ የምትራመድበት፣ ከ1916 እስከ 1947 የተቀረጸው ዓይነት። ጥቂት ጠቁሮ ነበር። እናቴ የብር መስቀሏን በአመድና በሎሚ ስታጸዳ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ እኔም በዚያው አሸሁት። አበራ፤ እጅግ አበራ። ሳንቲም ነጋዴው ግን ከመብራቱ ሥር ሲያዘነብለው የሎሚውና የአመዱ ጭረት እንደ ጸጉር ቀጥኖ በቀሚሷ እጥፋት ሁሉ ላይ ታየ። የሰብሳቢ ዋጋው ሞቶ የማዕድኑ ዋጋ ብቻ ቀረ። መስቀልን የሚያስከብረው መወልወሉ ሲሆን ሳንቲምን ግን ይገድለዋል፤ ያ የጠቆረው ቆዳ የዕድሜው ምስክር ነው። ጠርዙን ብቻ በጣትዎ ይያዙ፤ ከማይጎዳ ፕላስቲክ በተሠራ ማኖሪያ ወይም በካርቶን ውስጥ ያስቀምጡት። ለስላሳውና የሚሸተው የላስቲክ ኪስ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣበታል።

ዋጋውን ማስላት

ብር በዓለም ገበያ የሚሸጠው 31.1 ግራም በሆነው አውንስ ነው። የ90 እጅ ዳይም 0.0723፣ ኳርተር 0.1808፣ ግማሽ ዶላር 0.3617፣ የ40 እጅ ግማሽ ዶላር 0.1479፣ የጦርነቱ ኒክል 0.0563 አውንስ ብር አለባቸው። የዕለቱን ዋጋ በዚህ ያባዙ። ለምሳሌ አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን ዳይሙ 2 ዶላር ከ17 ሳንቲም፣ ግማሽ ዶላሩ 10 ዶላር ከ85 ሳንቲም ይሆናል። የ90 እጆቹ ደግ ጠባይ አላቸው፤ አሥር ዳይም፣ አራት ኳርተር ወይም ሁለት ግማሽ ዶላር እኩል ብር ይይዛሉ። ለዚህ ነው ነጋዴዎች በአንድ ዶላር ልክ ሒሳብ የሚገዙት፤ በመዘዋወር ያለቀውን ቀንሰው አንዱን ዶላር 0.715 አውንስ ብለው ይቆጥራሉ። ዋጋ ሲጠሩልዎት ከዚህ ጋር ያስተያዩት፣ ሁለት ሦስት ቦታም ይጠይቁ።

በማዕድን ሒሳብ ከመሸጥዎ በፊት ግን ዓመቱንና ፊደሉን አንድ ጊዜ ደግመው ይዩ። የ1916 የዴንቨር ዳይም የተቀረጸው 264,000 ብቻ ነው፤ የ1932 ኳርተር በዴንቨር 436,800፣ በሳን ፍራንሲስኮ 408,000። እነዚህ በሚዛን አይሸጡም። የከተማው ፊደል በሦስቱም ላይ ከጀርባ ነው፤ የዳይሙ ከታሰረው የበትር ነዶ ግርጌ በስተግራ፣ የኳርተሩ ከንስሩ በታች። የጦርነቱን ኒክልና የ40 እጁን ግማሽ ዶላር ደግሞ ከ90 እጁ ለይተው በየራሳቸው ከረጢት ያስቀምጡ፤ ገዢው ለየብቻ ነው የሚተምናቸው፣ ተቀላቅለው ከቀረቡለትም ሁሉንም በዝቅተኛው ዋጋ ሊጠራልዎት ይችላል።